ዘጠኝ ምስማር

የቢሮውን ታሪክ ጻፉልን አሉኝ፣ ለምረቃው መጽሔት፤
ከሁለት ገጽ አይብለጥ፣ አይጥፋው አሉኝ ዓመተ ምሕረት።
ዓመቱ ይምታታብኛል፤ እኔ የማውቀው ምስማር ነው፣
ከበሩ በስተግራ፣ በጭቃው ግድግዳ የተመታው።

ከአቃቂ ማዶ ናት፣ ጨፌ አርቦ ትባላለች፤
ለገበሬው ከተማ፣ ለከተሜው ገጠር ነች።
መጀመሪያ ግራዝማች አንዳርጌ ነበሩ፣
ማኅተም በመሀረብ ቋጥረው፣ በበቅሎ የተሻገሩ።
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የቀለም ጠርሙስ፣ አንድ እኔ፤
ሰባት ብር ደሞዜ፣ አሥራ አራት ዓመቴ ያኔ።

ጉርሙና ይገዙ በድንበር ተጣልተው፣
እዚያው ችሎት መሀል በዱላ ተማተው፣
የቀለሙ ጠርሙስ ወድቆ ተሰበረ።
ግራዝማች በማግስቱ መዶሻ አነሡ፤
ዘጠኝ ምስማር መቱ። አሥረኛው ጎብጦ ቀረ።
«ዱላህን ስቀልና ነገርህን ይዘህ ግባ!»
ሌላ አዋጅ አልነበራቸውም የኛ ከንቲባ።

ስሙም ተለወጠ፤ ከንቲባ ቀርቶ ሊቀመንበር፤
ጓድ ሽብሩ መጣ፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ የሳይንስ መምህር።
ዱላው ወረደና ጠመንጃ ተሰቀለ፤
አንዱ ላይ የስም ዝርዝር፤ ሁሉም አንብቦ፣ አላየሁም አለ።
እሱም አንድ ሌሊት ተጠርቶ ወጣ፤
ባርኔጣው ሦስት ወር ተንጠለጠለ፣ ጌታው ሳይመጣ።
የሚያወርደው ጠፋ። እኔም አልደፈርኩም፤
አቧራውን ብቻ አራግፍ ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም።

መንግሥት የወደቀ ጊዜ ስምንት ወር ሹም አልነበረም፤
ዶሮ በመሳቢያው እንቁላል ጣለች፤ የገሠጻት የለም።
ማኅተሙን ቤቴ ወስጄ በጤፍ ዱቄት ቀበርኩት፤
ሹመት አምሮኝ አይደለም፤ የምሰጠው ሰው አጥቼ ነው ያቆየሁት።

አንድ ቀን የሽብሩ እናት፣ እትዬ ጠጅነሽ መጡ፤
የሚሰቅሉት አልነበራቸውም፤ ከባዶው ምስማር ሥር ተቀመጡ።
«ሞቷል በሉኝ አልልም፤ አለ በሉኝ አልልም፤
እዚህ ቤት ነበረ ብላችሁ ጻፉልኝ። ሌላ አልፈልግም።»
ጻፍኩ። ዱቄቱን አራግፌ ማኅተሙን አሳረፍኩ።
በዕድሜዬ ከንቲባ የሆንኩት ያን ቀን ነው፤ ራሴን ሾምኩ።

ከዚያ ወይዘሮ ሎሚ ደበሌ፣ የቦኖ ውሃ ያስገቡት፤
በክረምት ጃንጥላቸው ከምስማሩ ሲያንጠባጥብ፣ ጣሳ አኖርኩበት።
ከእሳቸው ወዲህ የመጡት መልካቸው ይምታታብኛል፤
አንዱ ስድስት ወር ቆየ፣ አንዱ ክረምቱን ሳይጨርስ ሄዷል።
ምስማሩም ሜትር ተሸከመ፣ የቀያሽ ቆብ፣ የካሳ ፋይል።
የጉርሙ የልጅ ልጅ ፈረመ፤ ከጎኑ የይገዙ፤
በአንድ እስክሪብቶ። ብሩን ይዘው በአንድ ባጃጅ ተጓዙ።
ያ የተማቱበት ድንበር ደረጃ ሆኗል፣ የብሎክ ሰባት፤
ልብስ ያሰጡበታል ጧት ጧት።

አሁን ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው፣ መስታወት በመስታወት፤
ቁጥርህ ሲደርስ፣ ሲስተም የለም ይሉሃል፣ በጨዋነት።
አሮጌው ቤት ሊፈርስ ሲል፣ ምስማሮቹን ልነቅል ሄድኩኝ፤
ስምንቱ ዝገው ተቀነጠሱ፤ አንዱ ብቻ ወጣልኝ።
ኪሴ ውስጥ ነው። ላበረክት ነበር፤ የቱ ግድግዳ ይቀበለው?
ዙሪያው መስታወት ነው።

ትናንት ስለዚሁ ጽሑፍ ተጠርቼ ተራዬን ስጠብቅ፣
አንድ ሽማግሌ ከአሳንሰሩ ወጡ፣ ወለሉን እየፈሩ፣ ቀስ እያሉ፣ እንዳይወድቁ።
ዱላቸውን እንደያዙ ቆሙ፤
ከበሩ በስተግራ በዓይናቸው አሰሱ፣ ሳይገቡ።
ዘበኛው አልገባውም።
ጎበጥ እንዳልኩ ተነሣሁ።
«ለኔ ይስጡኝ፣» አልኳቸው፤ «ነገርዎን ይዘው ይግቡ።»